እትዬ ማንጠግቦሽና ሳይቀመስ የቀረው ድግስ

ሳይጠየቁ «ፈቃደኛ» ተብለው ያውቃሉ? ማለቴ፣ አንድ ቀን ጠዋት «በገዛ ፈቃዳቸው ለማገልገል የተነሡ» ከተባሉ ሰዎች መካከል ስምዎ ሲጠራ ሰምተው፣ «እኔ መቼ ፈቀድሁ?» ብለው ቢጠይቁ «ታዲያ እምቢ ልትል ነው?» የሚል መልስ ከነግልምጫው ደርሶዎት ያውቃል?

ካልደረሰብዎ ዕድለኛ ነዎት። ከደረሰብዎ ግን ስለ እትዬ ማንጠግቦሽ የምጽፈው ሁሉ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባዎታል። ቢሆንም ማብራራቴ አይቀርም፤ መምህር ነኝ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ባለፈው ጥር ዐረፉ። መርዶውን የሰማሁት ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ስለ ዜጎች መብትና ግዴታ እያስተማርሁ ሳለ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በሩን ገፋ አድርጎ፣ «መምህር፣ እነዚያ አከራይህ የነበሩት ሴትዮ እኮ…» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ቀረ። መጨረስም አላስፈለገውም። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ወረታ የመጣሁ ጊዜ የመጀመሪያዋን ክፍሌን ያከራዩኝ እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ከተማው አልቆ የሩዙ ማሳ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው። ከበሩ ወጥተው ወደ ግራ ቢሄዱ ባጃጁ፣ ጭነት መኪናው፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚጋጠምበት ግርግር፤ ወደ ቀኝ ቢሄዱ ደግሞ እስከ ጣና የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ። እትዬ ወደ ቀኝ ነበር የሚሄዱት። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ማሳቸውን የሚያርሱ፣ የሚያርሙ፣ የሚያጭዱ ራሳቸው ናቸው። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ገነት ትባላለች፣ ተማሪዬ ነበረች።

ቁመታቸው አጭር ነበር። ጠይም ፊታቸው ላይ ጎልተው የሚታዩት ዓይኖቻቸው ናቸው። ሲናደዱ እንደሌላው ሰው አይጮኹም። ዶሮ ማሽላ ሲበላባቸው ይጮኻሉ፤ ገነት ድስት ስታሳርር ይጮኻሉ፤ እኔ መብራት ሳላጠፋ ስወጣ ይጮኻሉ። ከልብ የተናደዱ ለት ግን ድምፃቸው ይወርዳል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ያስሩና ሹክ ይላሉ። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ሹክ ሲሉ ከሰማ መንገድ ይቀይራል።

ቂመኛ ነበሩ። ይህን የምለው ላማቸው ብዬ አይደለም፤ እሳቸውም አይደብቁትም። «ቂም ከያዙ አይቀር እንደ ሩዝ ውኃ እያጠጡ ነው፤ ደረቅ መሬት ላይ የተዘራ ቂም ባለቤቱን ነው የሚያሳፍረው» ይሉ ነበር። ወረታ ገበያ ላይ አንድ የእህል ነጋዴ በሚዛን አታልሏቸው ነበር አሉ። እኔ ስመጣ ነገሩ ከተፈጸመ ብዙ ዓመት አልፎታል። ሆኖም በየገበያው ቀን በሱቁ ደጃፍ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«እንደምን አደርህ? ሚዛንህስ ደኅና አደረ?» ይሉታል።

«እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ፣ ደኅና ነው» ይላል ምስኪኑ፤ ምን ይበል?

«አይ፣ ታሞ ነበር ብዬ ነው» ይሉና ያልፋሉ። አብሬያቸው በሄድሁ ቁጥር ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን አዞር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ሁለት ቃላት ላስረዳ። ከሌላ አገር ለሚያነብ ሰው ይጠቅማል። አንደኛው ወንፈል ነው። ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ ላርም፣ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ። ጉልበት ብድር ነው፤ የሚመለሰውም በጉልበት ነው። ሁለተኛው ደቦ ነው። ባለማሳው ጠላ ጠምቆ፣ ወጥ ሠርቶ ሰውን ይጠራል፤ ሰውም መጥቶ ሠርቶ፣ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ለሁለቱም ዘፈን አውራጅ ያስፈልጋል። አውራጁ ግጥም ሲያወርድ ሌላው ይቀበላል፤ እጅና እግርም የሚንቀሳቀሰው በዚያው ምት ነው። አውራጁ ፈጠን ካለ ሥራው ይፈጥናል፤ ዝም ካለ ሰው ሁሉ ቀና ይላል። በዚያ ሜዳ ላይ ከእትዬ ማንጠግቦሽ የሚበልጥ አውራጅ አልነበረም። ያለ ባል የቀረች ሴት ማሳ በወንፈል ነው የሚቆመው። ስለዚህ የሰው ጉልበት በልቶ ያልመለሰ ሰው በእሳቸው ዘንድ ከሌባ አይለይም።

አንድ ዓመት ክረምት ገነትን ጨምሮ አሥራ አንደኛ ክፍልን የጨረሱ ተማሪዎች ሁሉ «የወጣቶች አገልግሎት» እንዲሰጡ ተባለ። ያላገለገለ ማረጋገጫ አያገኝም፤ ማረጋገጫ የሌለው ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል አይመዘገብም። ሥራው የበጎ ፈቃድ ነው ተባለ፤ እምቢታው ግን ትምህርት ያስቀራል። ይህን ሥራ እንዲመራ የተሾመውን ሰው «አስተባባሪው» እያልሁ እጽፋለሁ። ስሙን አልጠራም። አንባቢ ልብ ካለ ደግሞ ለሌላው ባለሥልጣን ሁሉ «እሳቸው» ስል ለእሱ «እሱ» እላለሁ። አስቤበት ነው።

ወጣት አገሩን አያገልግል የምል ሰው አይደለሁም። ችግኝ ቢተክል፣ የአረጋውያንን ቤት ቢጠግን ደስ ይለኛል። ልጆቹም መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነው የወጡት። የተወሰዱት «የአቅመ ደካማ እናት ማሳ» ወደተባለ የሩዝ እርሻ ነው። እናቲቱ እማሆይ ዘነቡ ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ የቆየ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በአንዲት ጎጆ የሚኖሩ መነኩሴ። ማሳው በስማቸው መሆኑ እውነት ነው። ያልተነገረው ግን እማሆይ መሬቱን በማይረባ ኪራይ ከሰጡት መቆየታቸው ነው። ተከራዩ ደግሞ አስተባባሪው ራሱ ነበር። ሩዙን የዘራው እሱ፣ ምርቱን የሚወስደው እሱ፤ የእማሆይ የሆነው ስሙ ብቻ።

ይህን በሜዳው ላይ የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ልጁ እንዲመዘገብለት ይፈልጋል፤ ሁሉም ዝም አለ።

ልጆቹ በባዶ እግራቸው ጉልበት በሚውጥ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ዋሉ። አልቅት እግራቸው ላይ እየተጣበቀ፣ ዝናብ እየወረደባቸው። አንድ ቀን ገነትን ብርድ ብርድ አላት። ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ጓደኞቿ አይተው ለአስተባባሪው ነገሩት።

«ወባ ነው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ» አሉት።

«ወባ አይደለም፣ ስንፍና ነው። የጀመረችውን መስመር ትጨርስና ትሂድ» አለ።

ገነት መስመሩን አልጨረሰችውም። ጭቃው ላይ በግንባሯ ተደፋች። ጓደኞቿ በጀርባቸው ተፈራርቀው ተሸክመው መንገድ ካወጧት በኋላ በባጃጅ አደረሷት። ወባው ወደ ጭንቅላቷ ወጥቶ ነበር። እናቷን ሳታውቃቸው፣ የማይገናኝ ነገር ስትናገር ሰነበተች። እትዬ በዚያ ሰሞን አንድም ቀን አልጮኹም።

ልጅቱ ተረፈች። ግን ሰውነቷ አልቆ አጥር ተደግፋ ነበር የምትሄደው፤ ወደ ማሳው መመለስ የማይታሰብ ነው። አገልግሎቱም በዚያው አለቀ፤ ለሌሎቹ ሁሉ ማረጋገጫ ሲሰጥ ለእሷ ተከለከለ። ምዝገባው ደግሞ መስከረም ሲጠባ ነው። ያቺ ልጅ ከክፍሏ ፊተኛ ነበረች። ዓመቱ ካመለጣት ምን እንደሚከተል እናቷ ያውቃሉ፤ ትምህርት ያቋረጠች ሴት ልጅ ደጃፍ ላይ ሽማግሌ ቶሎ ነው የሚቆመው።

አብሬያቸው ወደ አስተባባሪው ቢሮ ሄድሁ። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው እንደ ለማኝ ቆሙ።

«ጌታዬ፣ ልጄ የወደቀችው እዚያው ሥራው ላይ ነው። ጓደኞቿ ምስክር ናቸው» አሉት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለአገር ላብ ማፍሰስ ከበዳት እንጂ አልታመመችም» አለ፣ ስልኩን እየነካካ።

እኔ ጣልቃ ገባሁ። ሕገ መንግሥቱ ማንንም ሰው በግዴታ ማሠራትን እንደሚከለክል፣ አገራችን የተቀበለችው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ያንኑ እንደሚል በቅደም ተከተል አስረዳሁት። አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልሁ። እስክጨርስ ጠበቀኝና፣

«መምህር፣ ይህንን ለተማሪዎችህ አስተምር። ፈተና ላይ ይመጣላቸዋል» አለኝ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሳቀ።

እትዬ እጅ ነሥተው ወጡ። አዎ፣ እጅ ነሡት! በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግን በረንዳው ላይ ሩዝ እያበጠሩ ጠሩኝ።

«ና ቁጭ በል መምህሬ። ያንን ለዚያ ጉድ የነገርኸውን ለእኔ ደግመህ ንገረኝ። ቀስ ብለህ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስወድ! ቁጭ ብዬ ጀመርሁ።

«የግዳጅ ሥራ የሚባለው ሁለት ነገር ሲገናኝ ነው፣ እትዬ። አንደኛ፣ ሰውየው ወዶ ያልገባበት ሥራ ሲሆን። ሁለተኛ፣ ባይሠራ ቅጣት የሚጠብቀው ሲሆን።»

«ጅራፍ?»

«ጅራፍ ብቻ አይደለም። መብት መከልከልም ቅጣት ነው። ‹ካልሠራሽ አትማሪም› ማለት ቅጣት ነው።»

«እሽ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን የዋጠ ጊዜ ሁላችንም ተጠርተን አፈር ስንሸከም ነበር። ያኔ ማንም ፈቃዴን አልጠየቀኝ። እሱስ?»

«እሱ ይለያል፤ አደጋ ነው። የውትድርና ግዳጅ ይለያል፤ ፍርድ ቤት የፈረደበት እስረኛም ይለያል። የሠፈር ቀላል የጋራ ሥራም ይፈቀዳል። በእሱ ግን ሕዝቡ ሐሳቡን ሊጠየቅ ይገባል፤ ጥቅሙም በቀጥታ ለሕዝቡ መሆን አለበት።»

ሰፌዱ ቆመ።

«ጥቅሙ ለአንድ ሰው ከሆነስ?» ድምፃቸው ወርዷል።

«በምንም አይፈቀድም።»

«ስለዚህ ‹ማሳው የእኔ ነው› ካለ ጥፋተኛ ነው።»

«ነው።»

«‹የእማሆይ ነው› ካለስ?»

«ካለማ ምርቱም የእማሆይ ይሁን ነዋ!»

እኔ አቤቱታ ልጽፍላቸው ተነሣሁ።

«ጻፍ፣ አልከለክልህም» አሉኝ። «ግን አቤቱታህን ያነበበው አለቃ ማንን ይጠይቃል?»

«እሱን።»

«እሱ ምን ይላል?»

«የእማሆይ ነው ይላል።»

«እንግዲያው ሰው ፊት ይበለው» አሉና ሰፌዱን እንደገና ማንሣት ጀመሩ።

ሩዝ አንዴ ብቻ አይታረምም። ነሐሴ ሲጋመስ ሁለተኛው አረም ይደርሳል፤ ያኔ ካልታረመ ሣሩ ሩዙን አንቆ ይገድለዋል። በዚያን ጊዜ የልጆቹ አገልግሎት አብቅቶ ነበር። የቀን ሠራተኛ እንዳይፈልግ ሰው ሁሉ በየማሳው ተወጥሯል። አስተባባሪው ፍልሰታ ሲፈታ ደቦ ሊጠራ ወሰነ። ደቦ ደግሞ ያለ አውራጅ አይሆንም። እትዬ ካልመጡ ሌላውም እንደማይመጣ ስለሚያውቅ ራሱ ቤታቸው ድረስ መጣ።

እኔ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ።

«እትዬ፣ ያለፈው አልፏል። በጉም ተገዝቷል፣ ጠላውም ተጠምቋል። አውርጂልኝ።»

«ምን ክፋት አለው» አሉ። «እመጣለሁ።»

ደስ ብሎት ሄደ። የደስታው ምክንያት ምን እንደሆነ ላስረዳ። በዚያ አገር ቂም የያዘበትን ሰው እህል የቀመሰ ቂሙን ዋጠ ማለት ነው። በአንድ ገበታ ቀርቦ «አልታረቅሁም» ማለት አይቻልም። አስተባባሪው የእትዬን መምጣት ከመብላት ጋር አንድ አድርጎ ቆጠረው። ስህተቱ ይህ ነበር። መምጣትና መቅመስ ለየብቻ ናቸው።

ጥጋቡ ደግሞ ሌላ ስህተት ጨመረለት። ደቦውን «ማኅበረሰቡ የወጣቶቹን በጎ ሥራ ሲያስቀጥል» ብሎ ለማሳየት ከበላይ አካል አንድ ኃላፊ ከነፎቶ አንሺው ጋበዘ። የደብሩን አስተዳዳሪ ካህንም እንዲባርኩ ጠራ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ወደ ሰማይ ቀና ብለው «ተመስገን» አሉ።

በዕለቱ ጠዋት አገሩ ሁሉ ወጣ። የእነዚያ ልጆች እናቶችና አባቶች፣ ልጆቹም ራሳቸው። ከማሳው ራስ ላይ ዳስ ተጥሎ የወጡ ሽታ ያውዳል። አስተባባሪው ለልጆቹ ያላገኘውን የጎማ ቦት ጫማ ራሱ አጥልቆ ወዲያ ወዲህ ይላል። «ኑ፣ መጀመሪያ አፋችሁን አርሱ፣ ጠላ ቅመሱ» አለ።

«አይሆንም!» ጮኹ እትዬ። «ሥራ ሳይሠራ ጠላ አይቀመስም። በባዶ ሆድ ነው ጉልበት የሚጠና!»

ሰው ሳቀ፤ ኃላፊውም ሳቁ። «እንዴት ያሉ ጎበዝ እናት ናቸው» አሉ። አስተባባሪው «የእኛ ሰው እንዲህ ነው» አለ ደረቱን ነፍቶ። የገባቸው ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አፉ ላይ ያደረገ ሳይኖር ማሳው ውስጥ ገባ።

ገነት እማሆይ ዘነቡን እጃቸውን ይዛ መጣች። ድንበሩ ላይ አጎዛ ተነጠፈላቸውና ተቀመጡ። አስተባባሪው ሲያያቸው ፊቱ ጠቆረ፤ ኃላፊው ግን ሄደው ጉልበታቸውን ሳሙ። «ባለማሳዋ እናት እርስዎ ነዎት?» አሏቸው። እማሆይ ፈገግ ብለው ባረኳቸው።

እትዬ ጀመሩ። የተለመደውን፣ ሰው የሚወደውን አወረዱ፤ ሰውም እየተቀበለ እስከ ማሳው መሀል ገፋ። ከዚያ ምቱን ሳይለቁ፦

«ጭቃው ዋጠን እኮ እዚህ መሀል ቆመን፣
የማን ማሳ ነው ይህ? ባለቤት ንገረን።»

ተቀባዩ «የማን ነው? የማን ነው?» አለ። እጁ ግን ቆመ።

«በእማሆይ ስም አርመን በልጆች ጉልበት፣
ሩዙ ሲታጨድስ የሚገባ ማን ቤት?»

«ማን ቤት? ማን ቤት?»

ከዚያ እትዬ ዝም አሉ። ሰው ሁሉ ቀና አለ። ያ ሁሉ ሰው ከጭቃው ውስጥ አንድ ቃል ሳይናገር ወደ ዳሱ ሲያይ አስቡት።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አሉ ኃላፊው።

«ባህል ነው ጌታዬ፣ እንዲሁ ጨዋታ ነው» አለ አስተባባሪው እየሳቀ። ሳቁ ደረቅ ነበር።

እማሆይ ዘነቡ ከተቀመጡበት፣ «ልጄ፣ ዓይኔ ጠፋ እንጂ ጆሮዬ ደኅና ነው። እኔም ብሰማው እወዳለሁ። ሩዙ የማን ነው?» አሉ።

«የ… የእርስዎ ነው እንጂ እማሆይ፣ የማን ይሆናል?»

«አልሰማንም!» አለ አንድ ሰው ከጭቃው ውስጥ።

ካህኑ መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ። «ልጄ፣ ሰው ቆሞ አይጠበቅም። ጮክ ብለህ ንገራቸው» አሉት።

አስተባባሪው ኃላፊውን አየ፤ ፎቶ አንሺውን አየ። «የእኔ ነው» ቢል የተማሪ ጉልበት ለግሉ መዝረፉ ነው። ሌላ መንገድ አልነበረውም።

«የእማሆይ ነው!» አለ።

«ምርቱስ?» አሉ እትዬ። ይህን ጊዜ አልጮኹም፤ ሹክ ነው ያሉት። ሜዳው ጸጥ ከማለቱ የተነሣ ሁላችንም ሰማን።

«ምርቱም።»

«በመስቀሉ ፊት ነው ያልኸው?»

«በመስቀሉ ፊት ነው አልሁ እኮ!»

«እንግዲያው አንድ ነገር ቀረ። ይህች ልጄ እዚህ ማሳ ላይ ወባ ጥሏት ማረጋገጫ ተነፍጋለች። ጌታዬ፣ ለእማሆይ ያረመች ልጅ አገልግላለች ወይስ አላገለገለችም?» አሉ ወደ ኃላፊው ዞረው።

ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታቸውን አጠፉ። «ስጣት» አሉ። አስተባባሪው ጉልበቱ ላይ ጻፈ። ገነት ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና ስሟ በትክክል አለመጻፉን ነገረችው። እንደገና ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ሰው ለእማሆይ አረመ። እንዴት ያለ አረም! አንዲት ሣር አልቀረችም። ሲጨርሱ እግራቸውን ታጥበው በዳሱ ፊት አንድ በአንድ አለፉ። አስተባባሪው «ኑ እንጂ፣ ኑ ግቡ» ይላል። እያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጠግበናል» እያለ ያልፋል። ባዶ ሆዳቸውን ውለው! ጠላው በጋኑ፣ ወጡ በድስቱ ቀረ። እኔም ረኃቡ አንጀቴን እየላሰኝ «ጠግቤያለሁ» ብዬ አለፍሁ። እንደዚያ ቀን የጣመኝ ረኃብ የለም።

ገነት ተመዘገበች። ሩዙ ሲደርስ ያው ሰው ተመልሶ አጭዶ ወቃና ለእማሆይ አስገባ፤ እማሆይም ለቆሎ ተማሪዎች አካፈሉ። አስተባባሪው ሊከስ ነው የሚል ወሬ መጣ። «ይክሰስ» አሉ እትዬ። «ሲከስ ‹ማሳው የእኔ ነበር› ሊል አይደል? ያን ዕለት ልጆቹን በሙሉ አስከትዬ እቀርባለሁ።» አልከሰሰም።

አላበቃም። በዚያ ሜዳ ላይ ከእሱ ጋር ወንፈል የሚገባ ጠፋ። አንዴ ላሙ ረግረጉ ውስጥ ሰጥማ ሲጮኽ ሰው ሮጦ ደረሰ፤ ላሚቱን ስበው አወጡ፤ ላሚቱ ምን አደረገች? እሱን ግን «እንደምን ዋልህ» ያለው አልነበረም። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲመጡ እትዬ «በባዶ እግሩ ይግባና ከጠዋት እስከ ማታ ይረም፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ብለው መለሷቸው። አልገባም። አልታረቁም።

ከመሞታቸው በፊት የሆነውን የነገረችኝ ገነት ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ስታስታምማቸው ነበር። የነፍስ አባታቸው፣ እነዚያው ካህን፣ አልጋቸው ሥር ተቀምጠው «ማንጠግቦሽ፣ ያንን ሰው ይቅር በይው። ቂም ይዘሽ አትሂጂ» አሏቸው።

«በእኔ ላይ ያደረገውን ይቅር ብያለሁ አባቴ» አሉ። «‹አንቺ ሴትዮ› ያለኝን፣ እጅ ያስነሣኝን፣ ሁሉንም። የልጆቹ ግን የእኔ ገንዘብ አይደለም። የሰው ንብረት እንዴት አድርጌ ልስጠው?»

ካህኑም መስቀል አሳልመው ፈቷቸው።

እኔ ከእነዚያ ልጆች አንዱ አይደለሁም፤ ይቅር ለማለትም ላለማለትም መብት የለኝም። መቃብራቸው ላይ አፈር ሲመለስ ቆሜ ያሰብሁት ግን ይቅርታን አልነበረም። ሰውየው ከወረታ ተነሥቷል። ወዴት ነው ብዬ ስጠይቅ «አድጎ ሄደ» አሉኝ፤ ወዴት እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ አላገኘሁም። ምናልባት ወደ እርስዎ አካባቢ መጥቶ ይሆናል። ወይም እሱን የመሰለ ሌላ ሰው ቀድሞም አለ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ። በዚህ ክረምት ወጣቶች ተሰልፈው ወደ አንድ ማሳ ሲወሰዱ ካዩ ተከትለው ይሂዱ። ማሳው የማን እንደሆነ ብቻ አይጠይቁ፤ ምርቱ ሲታጨድ የሚገባው ማን ቤት እንደሆነ ይጠይቁ። ቢሮ ገብተው ሳይሆን ሰው በተሰበሰበበት፣ ካህኑም ሼኩም አለቃውም ባሉበት፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይጠይቁ። መልሱን እስኪያገኙ ድረስ ደግሞ ከድግሱ አይቅመሱ። እባክዎ ይሞክሩት።